አያ ጅቦን እንግዳ አድርጎ ማልበስ፦ ለተረት ፎቶ ልብስ፣ ጸጉርና ሜካፕ (ሐዋሳ) — ጥያቄና መልስ፤ ከየጽሑፉ በላይ ያለው የጸሐፊው መጠሪያ ነው

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለቤቱ። ሐዋሳ ላይ የተረት ፎቶዎች እያዘጋጀን ነው፤ ዘጠኝ ፎቶ፣ ሁለት ተዋናይ፣ ሁለት ቀን። መነሻችን «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተረት ነው። አያ ጅቦ የተከበረ እንግዳ መስሎ ይመጣል፣ እመት ጦጢት ገና በር ላይ ታውቀዋለች። ሁለቱም የሰው መልክ ነው ያላቸው፤ ጭምብል አንፈልግም። ግን ፎቶውን ያየ ሰው ሳይነገረው «ይሄማ ጅብ ነው» ማለት አለበት።

በሙከራው ያልሆኑልን እነዚህ ናቸው። ከቃጫ የሠራነው ጋማ መጥረጊያ መሰለ። አዲሱ ጋቢ ፀሐይ ላይ ነጭ ብቻ ሆኖ ሽመናው ጠፋ። የተዋናዩ ፊት በፍላሽ አመድማ ወጣ፣ አፉ ዙሪያ የቀባነው ጥቁርም ጺም መሰለ። ጦጢትን ደግሞ ከተራ ባልቴት የሚለያት ነገር ጠፋን። ያለን ካሜራ፣ 50 እና 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አንድ ፍላሽ፣ አንድ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) ነው። ቦታው ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደልና ታቦር ተራራ፣ አንዱ ደግሞ ማታ እሳት ዳር። የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩን።

ቃጫና ክር

እህቴ፣ ከጋማው በፊት ትከሻውን ሥሪ። ጅብ ከሩቅ የሚታወቀው በአቋሙ ነው፦ የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፣ ስለዚህ ትከሻው ከፍ፣ ወገቡ ዝቅ ይላል። ይሄ ቅርጽ ከሌለ ምንም ጆሮ ብትለጥፊ ጅብ አይሆንም። 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ቁረጪና ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ አጥንቱ መጨረሻ ድረስ የሚደርስ፣ ወደ ታች እየሳሳ ሄዶ የሚያልቅ አድርጊው። የምትሰፊው ጠበቅ ያለ ካናቴራ ላይ ይሁን። ጋቢው ላይ ከሰፋሽው ጋቢው በተንሸራተተ ቁጥር ጉብታው አብሮ ይሄዳል፣ በሦስተኛው ፎቶ ጀርባ ላይ ታገኚዋለሽ። ጋቢውን ስታለብሺው የኋላ ጫፉ ከፊቱ በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ ተዋናዩም ጉልበቱን በጥቂቱ ይጠፍ። በዚህ ብቻ ጀርባው ቁልቁል ይወርዳል።

አሁን ጋማው። ቃጫ መጥረጊያ የሚመስለው በሦስት ምክንያት ነው፦ የእንሰቱ ዝልግልግ ስላልታጠበ ክሩ ገትሮ ይቆማል፣ ሁሉም አንድ ቀለም ነው፣ ጫፉም በመቀስ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። 250 ግራም ያህል ይበቃሻል፣ አሮጌ ገበያ ጠይቂ። ለብ ባለ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ሁለት ሰዓት ዘፍዝፊው፣ በደንብ አለቅልቂው፣ እርጥብ ሳለ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ አበጥሪው። ከሥሩ ከጀመርሽ ይቋጠራል፣ ከዚያ አይፈታም። ሲደርቅ ለአምስት ክፈይው፤ ሁለቱን እንዳለ ተዪው፣ ሁለቱን በሻይ፣ አንዱን በጥቁር የጥጥ ማቅለሚያ። ከዚያ ሁሉንም ቀላቅለሽ እንደገና አበጥሪ። የእንስሳ ጸጉር አንድ ወጥ ቀለም ስለሌለው፣ ዓይን የሚያምነው ቅይጡን ነው።

መሠረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አቡጀዲ ነው። ሦስት መስመር ስፊበት። አንዱ የቃጫ እስር ከመጻፊያ እርሳስ ግማሽ አይወፍር፣ በእስሮቹ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ተዪ። የቃጫው ርዝመት ማጅራት ላይ 8፣ በትከሻዎቹ መሃል 14፣ መጨረሻው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር። የፈረስ ጋማ እየሠራሽ እንዳልሆነ አስታውሺ፤ የእኛ ነጠብጣብ ያለበት ጅብ ጋማው አጭር ነው፣ ወደ ፊትም ያጋድላል። ስለዚህ ስትሰፊው ጫፉን ወደ ራስ አዙሪው። ጫፉን በምላጭ እያሳሳሽ አስተካክይ፣ መቀስ አታንሺ። በመጨረሻ ጣት ላይ የወጣ ቫዝሊን በመዳፍሽ አሽተሽ አስነኪው። ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ካልደረብሽበት ተዋናዩን ያሳክከዋል፣ ሲያሳክከው ደግሞ ትከሻውን ያንቀሳቅሳል።

ይህን ሁሉ ከሠራሽ በኋላ አብዛኛውን በጋቢው ሸፍኚው! ከአንገቱ በላይ ሦስት ጣት ያህል ብቻ ብቅ ይበል። ተረቱ የሚደብቅ ጅብ ነው የሚለው፣ ጋማው ሙሉ ከታየ መደበቁ ቀረ።

ጭራ የሚባለውን የዝንብ መከላከያ አትርሺ። ሽማግሌ ጭራ ይዞ መታየቱ ማንንም አያስገርምም፤ የጅቡ ጭራ በእጁ ላይ ነው ማለት ነው። ተቀምጦ ጭራውን ወደ ኋላ አጋድሞ ቢይዘው ካሜራው ከጎን ሲያየው ሥራው አለቀ። የጦጢት ጅራት ደግሞ መቀነቷ ነው፦ ሁለት ዙር ታጥቃ ትርፉ ከኋላ ይውረድ፣ ጫፉ መሬት ሊነካ 10 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ቁሚ። ጫፉ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተሽ በትንሹ ብታጥፊው ይበቃል። በአጠቃላይ እንስሳውን ሰው በሚይዘውና በሚለብሰው ዕቃ ውስጥ ፈልጊው፣ ከውጭ የሚለጠፍ ነገር ባነሰ ቁጥር ፎቶው ይጠነክራል።

ለጋቢው ነጭነት መድኃኒቱ ሻይ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ብዙ ይጠጣል፤ 15 ሊትር ውሃ፣ 150 ግራም የሻይ ቅጠል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው። ቅጠሉን 15 ደቂቃ አፍይው፣ አጥልይው፣ ጨው ጨምሪ። ጋቢውን መጀመሪያ በንጹህ ውሃ አርጥቢው፤ ደረቁን ከከተትሽው ውሃው ቀድሞ የነካው ቦታ ጠቁሮ ዝንጉርጉር ይሆናል። ለግማሽ ሰዓት እያገላበጥሽ ያዢው። እርጥብ ሳለ ከሚፈለገው በላይ ጠቁሮ ይታያል፣ ሲደርቅ ይገረጣል፣ አትደንግጪ። ዘርግተሽ አድርቂው፣ ታጥፎ ከደረቀ የመታጠፊያው መስመር ይቀራል። ጥለቱን በፌስታል አጥብቀሽ እሰሪና ከውሃው ውጭ አድርጊ፤ አንዳንዱ ጥለት በሙቅ ውሃ ቀለሙን ይለቃል። ሻይ አይለቅም፣ ስለዚህ የተዋሳችሁትን ጋቢ እንዳታስገቡ።

ነጠብጣቡን በቡና ሥሪው። 100 ግራም የተፈጨ ቡና በግማሽ ሊትር ውሃ እስኪወፍር አፍልተሽ አጥልይ፣ በስፖንጅ ቁራጭ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ነጠብጣቦች ከታችኛው ጠርዝ ጀምረሽ ወደ ላይ እያሳሳሽ ምቺ። ከሦስት ሜትር የተንጠባጠበ ቡና መምሰል አለበት፤ ቀረብ ሲባል ብቻ ነው ጅብነቱ የሚገባው።

ስለ እሳቱ፦ ደረቅ ቃጫ እንደ ክብሪት ነው የሚይዘው። ጋማውን የለበሰ ሰው ከእሳት ሁለት ሜትር ይራቅ፣ አንድ ሰው ውሃ የሞላ ባልዲ ይዞ አጠገቡ ይቁም።

ኩልና ወለባ

በልብሱ ላይ የምጨምረው የለም። ፊቱ አመድማ የሆነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፓውደሩ ነው፤ ሲሊካ የበዛበት ቀለም አልባ ፓውደር በዓይን አይታይም፣ ፍላሽ ሲመታው ግን ብርሃኑን መልሶ ነጭ ይሆናል። ፀሐይ መከላከያ ያለበት ፋውንዴሽንም ያው ነው፣ ውስጡ ያለው ቲታኒየም ወይም ዚንክ ያንጸባርቃል። ሁለተኛው ምናልባት የፋውንዴሽኑ ቀለም ነው። ጠይም ፊት ላይ ሥሩ ወደ ሮዝ ወይም ግራጫ የሚያደላ ቀለም ሞት ይመስላል፤ ወደ ቢጫ ወይም ቀይ ዳማ የሚያደላውን ምረጪ። ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት በፈካ ቀለም ከመሸፈን በፊት በብርቱካናማ አርሚው፣ ያለዚያ ግራጫው ይወጣል። ማብራት የምትፈልጊውን ቦታ በነጭ አትንኪ፣ በነሐስማ አይሼዶ ንኪው። ላቡን በሶፍት ተጭነሽ አንሺ እንጂ በላዩ ፓውደር አትደራርቢ። ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት ያለቀለትን ፊት በስልክ ፍላሽ አንድ ጊዜ አንሺው፣ የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው።

ጺም የመሰለው ጥቁሩን በአፍ ዙሪያ ስላዞራችሁት ነው። ጺም የሚያልቀው በክብ ነው፤ የጅብ ጥቁር አፍ ግን ከአፍንጫው ይጀምራል። ስለዚህ ከአፍንጫ ክንፍ እስከ መንጋጋ ማዕዘን ሰያፍ መስመር አስቢና ከዚያ ወደ ፊት ያለውን ብቻ አጥቁሪ፣ የአፍንጫውን ጫፍ ጨምሮ። መጀመሪያ ቡናማ ክሬም በስስ፣ ቀጥሎ ጠቆር ያለ ቡናማ ከመሃል፣ ጥቁር ግን የአፍንጫው ቀዳዳ ጠርዝና ከታችኛው ከንፈር ሥር ብቻ። ጠርዙን በደረቅ ብሩሽ እስኪጠፋ አሽው። ጺሙ በዋዜማው ሙልጭ ተደርጎ ይላጭ፤ ጠዋት ከተላጨ ቆዳው ይቆጣል፣ ክሬሙም ያቃጥለዋል። የዓይኑን ውስጠኛ ጥግ ወደ አፍንጫው 1 ሴንቲ ሜትር በጥቁር ቡናማ ሳቢው። ለዓይን ውስጥ የድንጋይ ኩል አልመክርም፣ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል፤ የታሸገውን እርሳስ አልባ ኩል ተጠቀሚ። ከሰልና ቫዝሊን ለእጅና ለእግር ይሆናል፣ ለዓይን ግን በጭራሽ።

ጆሮው ከጸጉሩ ይውጣ። ጎፈሬ ካለው በውሃ እያረጠብሽ በሚዶ ከግራና ቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያሉ ሁለት ክብ ጉብታዎች አውጪ፣ መሃሉን ተጫኚው። ክብ ማለቴን ልብ በይ። ሾል ካለ ቀበሮ ይሆናል፣ የነጠብጣቡ ጅብ ጆሮ ክብ ነው። ጸጉሩ አጭር ከሆነ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አድርገሽ ሁለቱን ማዕዘን በመርፌ ቁልፍ ከውስጥ ያዢያቸው።

እመት ጦጢትን የሚለያት ነጩ ነው። አሞራ ገደል ያሉትን ጦጣዎች ተመልከቻቸው፦ ፊታቸው ጥቁር፣ ከቅንድባቸው በላይ ነጭ መስመር፣ ጉንጫቸው ላይ ወደ ኋላ የተበጠረ ነጭ ሪዝ። ፊቷን ማጥቆር አያስፈልግም። እንዝርትና ባዘቶ አስያዣት፤ ባልቴት ጥጥ ስትፈትል ባዘቶው ቢበንባት ማን ይጠይቃል? ያንኑ ባዘቶ 5 ሴንቲ ሜትር እየነጨሽ ከሻሿ ሥር ከጆሮ ግንድ እስከ መንጋጋ ሸጉጪ፣ ወደ ኋላ አበጥሪው። ከቅንድቧ በላይ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የተቆራረጠ መስመር፣ ነጭ ክሬም ላይ ጥቂት ቢጫ ቡናማ ቀላቅለሽ። ድፍን ነጭ ፎቶ ላይ እንደ ፕላስተር ነው የሚታየው።

ባዘቶው የግድ መለጠፍ ካለበት የሽፋሽፍት ማስቲሽ ተጠቀሚ፤ ላቴክስ ሊኖርበት ስለሚችል ከአንድ ቀን በፊት ክንዷ ላይ ሞክሪው። ሱፐር ግሉ በምንም መንገድ! ጥጥ ሲነካው በቅጽበት ይግላል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ይጨሳልም። ስንት ሰው ይህን ሳያውቅ ይሠራዋል፣ እባካችሁ ንገሩ።

ሹሩባዋ ቀጭን፣ ወደ ኋላ የሄደ ይሁን። ከሁለት ቀን በፊት ይሠራ፤ በዚያው ቀን የተሠራ ሹሩባ ግንባር ይወጥራል፣ ፊቷም የተቆጣ ይመስላል። መስመሩ መሃል ያለው የራስ ቆዳ በፍላሽ እንዳያበራ ቡናማ አይሼዶ በጠባብ ብሩሽ አስነኪው። ቅቤ የሚቀባ ከሆነ ሹሩባው በተሠራ ዕለት ይሁን፣ ተዋናይዋም በሻሽ አስራ ትደር። በፎቶው ጠዋት ከተቀባ የሐዋሳ ሙቀት ያቀልጠውና አንገት ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ሸማው ላይ። የቅቤ ነጠብጣብ ያለ ሙቅ ውሃና ሳሙና አይለቅም።

እጇ ላይ እንሶስላ በዋዜማው ማታ። ሥሩን ወቅጣችሁ መዳፍና ጣቶች ላይ ለጥፉ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ትደር። የጥፍር ቀለም ያበላሸዋል፣ አስቀድማ ታጥፋው።

ጥላ መለኪያ

ከላይ በሻይ ጉዳይ እስማማለሁ፣ ግን ሻይ ብቻውን አያድንሽም። በቀትር ፀሐይ በነጭ ጋቢና በጠይም ፊት መካከል ሦስት ስቶፕና ከዚያ በላይ ልዩነት አለ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ነው)። ፊቱን ስታወጪ ጋቢው ይቃጠላል፤ ጋቢውን ስታድኚ ፊቱ ይጠፋል። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሥሩ። የካሜራውን የብርሃን መለኪያ ለጋቢው አድርጊ፣ ሽመናው እስኪታይ አውርጂው፣ ፊቱን በሪፍሌክተር አንሺ። የብሩ ገጽ ዓይን ያስጨፍናል፤ ነጩን ከጎንና ዝቅ አድርገሽ ተጠቀሚ። በሮው (ካሜራው ባልተጨመቀ ጥሬ ፋይል) አንሺ።

ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ አሞራ ገደል ላይ ጠዋት ፀሐይ ከኋላሽ ሆና ተዋናዩንና ውሃውን ታበራለች፤ ማታ ደግሞ ከውሃው በኩል መጥታ የጋማውን ጠርዝ ታወጣለች። ቃጫው የሚያምረው በማታው ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚኖር የጦጢትን ፎቶዎች ጠዋት ጨርሱ፣ ባዘቶ ነፋስ አይችልም። የጋቢውን የኋላ ጫፍ ዓሣ አጥማጆች መረብ ላይ በሚያስሩት ትንንሽ እርሳስ ወይም በጠጠር ከውስጥ አክብዱት።

አሞራ ገደል ላይ ምግብ ክፍት አታስቀምጡ፤ እውነተኞቹ ጦጣዎች ከእጅ ይነጥቃሉ። ቄጠማው ውስጥ ተዋናይ አታስገቡ፣ ጉማሬ አለ፣ በተለይ ማለዳና ምሽት።

ለእሳቱ ዳር ፎቶ ፍላሹን ከካሜራው አውርጂው፣ ብርቱካናማ ጄል (ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ) አድርጊበት፣ መሬት ላይ ከምድጃው በስተ ጀርባ ደብቂው፣ ኃይሉን ወደ 1/32 አውርጂ። ለካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት 1/60፣ ኤፍ 2፣ አይኤስኦ 1600 መነሻ ይሁንሽ። ተዋናዩ ከእሳት ሁለት ሜትር ርቆ ፍላሹ ቢጠጋው እሳት ዳር የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ጋሼ ተረት

ልጆቼ፣ ሥራችሁ ደስ ይላል። ሦስት ነገር ልበል።

አያ ጅቦ የምታለብሱት የማንም ብሔረሰብ የሽማግሌ ልብስ እንዳይሆን። ሐዋሳ ስለሆናችሁ የሲዳማ የበዓል ልብስ ዓይናችሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ፣ እዚያው ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ ሕዝቡ በየዓመቱ የሚያከብረው ሕያው ሥርዓት ነው። ጅብ በተረታችን ሆዳምና አታላይ ነው። የአንድን ሕዝብ የክብር ልብስ ለእሱ ማልበስ ስድብ ነው፣ እንደ ስድብም ይነበባል። ተራ ጋቢ ይበቃዋል፤ «የማያውቁት አገር» ነውና ከየት እንደመጣ አለመታወቁ ለተረቱም ይሻላል። መስቀልና ማተብም አይሁን።

መዶሻ፣ ወናፍ፣ የሸክላ ሥራ ዕቃ በፎቶው ውስጥ አታስገቡ። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው የቡዳ ወሬ ባለሙያዎችን ከጋብቻና ከማዕድ ሲያገልል የኖረ ነው። እናንተ ለውበት ያስቀመጣችሁት ወናፍ ያንን ይናገራል።

ሦስተኛው ቁርበቱ ነው። ጅብ ቁርበት ይበላል፤ የተረቱ ጨው ያ ነው። የመቀመጫውን ክብር የጠየቀ መስሎ ራቱን ነው ያስነጠፈው። ስለዚህ በመጀመሪያው ፎቶ ቁርበቱ ሙሉ ይሁን፣ በመጨረሻው ጠርዙ ተቀርጥፎ ይታይ። የጥርስ ቅርጽ አትሳሉበት። ጠርዙን ሌሊቱን በእርጥብ ጨርቅ አለስልሱት፣ በደነዘ ቢላ እየጎተታችሁ ቅደዱት። በስለት ከተቆረጠ የጫማ ሠሪ ሥራ ይመስላል። ሽታውን ለመቀነስ ሁለት ቀን ጥላ ሥር አናፍሱት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ተኮማትሮ አይዘረጋም።

ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዲያውም የበዓል ልብስ ልንዋስ አስበን ነበር፣ ትተነዋል። ቁርበቱን በእርስዎ ምክር ወደ ሁለት ፎቶ ከፍለነዋል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ጠዋት በ1 ሰዓት ለመጀመር አያ ጅቦን በምን ቅደም ተከተል እናልብሰው? በሙከራው ፊቱ ላይ ያለው ቀለም ጋቢውን ነክቶት ነበር።

ኩልና ወለባ

10 ሰዓት ተኩል ሌሊት ይምጣ። ስፖንጁ ያለበት ካናቴራ መጀመሪያ፣ በጭንቅላቱ የሚገባ ነገር ሁሉ ከሜካፕ በፊት ማለቅ አለበት። ቀጥሎ ጎፈሬው 30 ደቂቃ፣ ፊቱ 50 ደቂቃ፣ ከዚያ ክሬሙ እንዲረጋ ምንም ሳትነኩት 10 ደቂቃ። አንገቱን ዙሪያውን በሶፍት ሸፍኑና ጋማውን እሰሩ። ጋቢው የመጨረሻ ነው፤ የምታለብሱትም ቦታው ላይ ስትደርሱ እንጂ መኪና ውስጥ አይደለም። ከአገጩ ሥር አራት ጣት ያህል ቀለም አይኑር፣ ጋቢው የሚነካው እዚያ ነው፣ ካሜራውም በጥላ ምክንያት አያየውም።

ቃጫና ክር

ጋማውን ስታስሪ ሁለቱን ጫፍ ካናቴራው ላይ በመርፌ ቁልፍ፣ መሃሉን በሦስት የክር ስፌት ያዢው። መርፌ ቁልፉ አፉ ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ላይ ከሆነ ሲያጎነብስ ማጅራቱን ይወጋዋል።